በወንድም ስም የተነበበ ኩላሊት

ኬክ ጋጋሪው በዚህ ዓለም የሚፈራው ሰው ቢኖር ታናሽ እህቱን ነበር። ቁመቷ ከትከሻው አያልፍም፤ ድምፅዋም ከስፌት መኪናዋ ድምፅ በልጦ ተሰምቶ አያውቅም። እሱ ግን እጁን ስንት ጊዜ ካቃጠለው ምድጃ ይልቅ እሷ መቀሷን አስቀምጣ ዝም ብላ የምታየው አስተያየት ያስጨንቀው ነበር። ውሸታም ሰው የሚፈራው የሚጮህበትን አይደለም፤ የሚያምነውን ነው።

እህትየው ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈርተኛው “ሜትር” ይላታል። መለኪያው ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ የወጣላት ስም ነው ብሎ የሚያስብ አለ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ስኳር እንዳለባት ካወቀች ጀምሮ ዳቦዋን በዚያው ሜትር ለክታ ነው የምትቆርጠው። አንዴ ጎረቤቷ ድንገት ገብታ ዳቦ ላይ ሜትር ዘርግታ ብታገኛት፣ “ለእሱም ቀሚስ ልትሰፊለት ነው?” ብላ በሳቅ ፈረሰች። ሜትርም አብራ ሳቀች፤ ስቃ ስትጨርስ ዳቦውን በልኩ ቆርጣ የተረፈውን ለጎረቤቷ ሰጠቻት። እንዲህ ያለች ሰው ናት። ኪኒኗን የምትውጥበት ሰዓት አይዛነፍም፤ ሻይዋ ስኳር ካየ ዘመን የለውም፤ ሲመሽ ሰፈሩን በእግሯ ዞራ ካልመጣች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ወንድምየውም ስኳር አለበት። አባታቸውም ነበረበት። አባትየው መጨረሻው ላይ እግሩም ፊቱም አብጦ፣ ሽንት እምቢ ብሎት ነው የሞተው። ሐኪሞቹ ኩላሊቱ ነው ሲሉ፣ ዘመድ ብርድ መቶት ነው ሲል፣ ነገሩ ተድበስብሶ ቀረ። ለልጆቹ ስኳሩን ማውረሱን ሁሉም አወቀ፤ ከስኳሩ ጋር ሌላ ምን አውርሶ እንደሄደ የጠየቀ ግን አልነበረም። ልጆቹ ትዳር አልቀናቸውም፤ አባታቸው በተወው ቤት ፊትና ኋላ ክፍል ተካፍለው አብረው አረጁ ማለት ይቻላል። እሷ ታናሹ ናትና “ጋሼ” ትለዋለች፤ እሱ ደስ ሲለው “እታለም” ይላታል።

ኬክ መጋገር ለስኳር በሽተኛ የሚመከር ሥራ አለመሆኑን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ሰውየው ግን ሌላ ሙያ የለውም፤ በዚህኛው ደግሞ አንደኛ ነው። ክሬም ሳይቀመስ አይወጣም፤ የኬክ ቤቱ ባለቤት እንኳ “አንተ ካልቀመስከው አልሸጠውም” ይላል። ሜትር በዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ጠይቃው ነበር፤ “ቀምሼ እተፋዋለሁ” አላት። አመነችው። የሚተፋው በሐሳቡ ነበር።

በየወሩ ሁለቱም ለስኳር ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። እዚያ ኮሪደር ላይ አንዲት ሲስተር አለች፤ ልቧ ደግ፣ አፏ ግን በር የለውም። ባለፈው ቀጠሮ የሰውየውን ውጤት አይታ፣ አግዳሚ ወንበሩን የሞላው ሕዝብ እየሰማ፣ “ለመሆኑ ኬኩን የምትጋግረው ለደንበኛ ነው ለራስህ?” አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም እንደ ቀልድ አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ ግን እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። ወደ ቤት ሲመለሱ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያ ዝምታ ከሳቁ ይልቅ አንገበገበው። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲህ አይነት ውርደት አይደገምም ብሎ ለራሱ ማለ።

መማል ቀላል ነው። ሽንት ለምርመራ የሚሰጥበት ቀን ዋዜማ የሠርግ ኬክ ታዘዘ፤ ባለ ሦስት ደረጃ፣ ከላይ እስከ ታች ክሬም የለበሰ። ሰውየው ሲቀምስ ዋለ። ኬኩ በመኪና ተጭኖ ከሄደ በኋላ ደግሞ ሳህኑ ሥር የቀረው ክሬም ዝም ብሎ ያየዋል። መጣሉ ግፍ ነው አለ፤ ጠራርጎ በላው።

ጠዋት ሜትር ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ በአንድ ከረጢት አድርጋ ሰጠችው። አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ፤ ሁለቱም ላይ በራሷ እጅ ስማቸውን ጽፋ ፕላስተር ለጥፋለች። እሷ ልብሷን የምትለካ ደንበኛ ትጠብቃለች፤ የእሱ ኬክ ቤት ደግሞ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ውጤቱ የሚነገራቸው በሚቀጥለው ሳምንት፣ በቀጠሮአቸው ቀን ነው። “እንዳይደፋ ጋሼ፣ ቀጥ አድርገህ ያዘው” አለችው።

ቀጥ አድርጎ ያዘው። መንገዱን ሁሉ ግን የሚያስበው ስለ ሳህኑ ክሬም ነበር። ውሃ ልጨምርበት ብሎ አሰበ፤ ነገር ግን እንዲህ ያደረገውን አንድ ሰው የላብራቶሪው ሠራተኛ “ይሄ የሰው ነው የቧንቧ?” ብሎ እንዳሳፈረው ሰምቷል። ከዚያ ያቺ ሐሳብ መጣችበት። የጤና ጣቢያው መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ፤ ሁለቱን ፕላስተሮች በጥፍሩ ቀስ ብሎ ላጠና አቀያይሮ ለጠፋቸው። ለሕሊናው የሰጠውም መልስ ነበረው። የሜትር ስም ንጹሕ ነው፤ በእሷ ሽንት ውስጥ ስኳር ቢገኝ ማን ያምናል? ተሳስተን ነው ብለው ይደግሙላታል እንጂ ክፉ ቃል አይናገሯትም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፤ እሱ ግን ያኔ ብልሃት መሰለው።

ለቀጠሮው ቀን የጣቱ ደም እንዳያጋልጠው ሳምንቱን ሙሉ ሆዱን አሰረ። ክሬሙን ለኬክ ቤቱ ባለቤት አስቀመሰ፤ ጥርሴን አሞኛል አለ። እንደ ወትሮው ከእህቱ ጋር አብረው ሄዱ፤ አብረውም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እሱን ግን ሲስተሯ ሳትሆን ዶክተሯ ራሷ ጠራችው።

ዶክተሯ ገና ወጣት ናት፤ ሰው ስታናግር እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። “ስኳርህ በጣም ተሻሽሏል” አለችው። ደረቱን ነፋ። “ሌላ ነገር ግን አለ። ሽንትህ ውስጥ ፕሮቲን አግኝተናል። ጤነኛ ኩላሊት ፕሮቲን አያሳልፍም፤ ያንተ ማሳለፍ ጀምሯል።”

የነፋው ደረቱ ወረደ።

“አባትህ በምን ሞቱ?” አለችው።

“ስኳር ነበረበት። መጨረሻ ላይ… አብጦ ነበር።”

“ኩላሊታቸው ማለት ነው። አየህ፣ ስኳር ሰውን ሁሉ እኩል አይመታም። ዕድሜውን ሙሉ ስኳሩ ከፍ ብሎ ኩላሊቱ የማይነካ አለ፤ ተጠንቅቆ ተጠንቅቆ ኩላሊቱ የሚነካም አለ። ከወላጅ የሚወረስ ተጋላጭነት አለበት። አንድ ነገር ብቻ አይደለም፣ ብዙ ጥቃቅን ነገር ተደማምሮ ነው። ለዚህ ነው በአንዳንድ ቤተሰብ ስኳሩ ኩላሊት ላይ የሚበረታው። እህት ወንድም አለህ?”

“አንዲት እህት።”

“ስኳር አለባት?”

“አለባት።”

“እንግዲያው እሷ በደንብ መታየት አለባት። የአንዱ ኩላሊት ከተነካ ስኳር ያለበት እህት ወይም ወንድም ከሌላው ሰው የበለጠ ያሰጋዋል።”

ይቺ ደቂቃ ከእጁ ያመለጠችው ደቂቃ ናት። “ዶክተር፣ ሽንቱ የእሷ ነው” ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አንደበቱ የመለሰው ግን ሌላ ነው፦ “እሷማ እዚሁ ተመርምራለች።”

ዶክተሯ ኮምፒውተሩን ጎርጎር አድርጋ አየች። “አዎ። ኩላሊቷ ንጹሕ ነው። እድለኛ ናት” አለች፤ ለእሱ ደግሞ ኩላሊት የሚጠብቅ ኪኒን ጻፈችለት። የደም ግፊት መድኃኒት ቢሆንም ፕሮቲኑን ስለሚቀንስ በየቀኑ እንዲወስደው፣ በቶሎ ከተጀመረ ብዙ ነገር እንደሚያድን አስረድታ ሸኘችው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ሰውየው ከወንበሩ ሲነሣ መጀመሪያ የተሰማው ፍርሃት አልነበረም፤ ጸጸትም አልነበረም። ደስ አለው። አባቱን የገደለው ነገር እሱን ዘልሎት ማለፉን ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም፤ ሰውነቱ ሁሉ ቀለለው። በሩን ከፍቶ እህቱን ሲያይ ነው ያ ነገር ዘልሎ ያረፈው ማን ላይ እንደሆነ ትዝ ያለው።

ኮሪደሩ ላይ ሲስተሯ እህቱን አቁማ ታናግራታለች። “አንቺን እንኳ አምኜሽ ነበር” ትላለች፣ ድምፅዋ እስከ በሩ ድረስ እየተሰማ። “የጣትሽ ደም ዛሬ ጥሩ ነው፤ የዚያን ዕለት ሽንትሽ ግን በስኳር የተሞላ ነው። ቀጠሮ ሲደርስ እየተራብሽ ነው የምትመጪው? ይሄን ጨዋታ ስንቱ ተጫውቶብናል መሰለሽ።” ሜትር “ሲስተር፣ እኔ እኮ…” ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። አንድ ሽማግሌ “ወንድሟ ኬክ ያመጣላታል እኮ” አለ፤ ወንበሩ በሙሉ ሳቀ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች፤ ያስለቀሳትም የወንድሟ ክሬም ነበር። እሱ ከበሩ ሥር ቆሞ ሁሉንም ሰማ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ አፉን ለመክፈት ግን አልወደደም።

የስኳር ኪኒኗ ተጨመረላት። እሷ ደግሞ ጥፋቱን ከራሷ ፈለገች። ሰው የማያውቀውን ኃጢአት ሲፈልግ ያልሠራውንም ያገኛል፤ እሷም ሽንኩርቱ ነው አለች፣ ብርቱካኗ ነው አለች፣ ዳቦው ነው አለች። በሜትር ለክታ የምትቆርጠውን ዳቦ ከግማሽ በታች አወረደችው። ጉንጯ ጎደጎደ። ከደንበኛ ጋር እያወራች ቃል መሃል ላይ ታቆማለች። “እታለም፣ ኧረ ብዪ” ሲላት፣ “አንተ እንኳ አሻሽለህ እኔ ላንስ?” ትለዋለች። ይህቺን በሰማ ቁጥር ማዕዱን ትቶ ይነሣል።

የኩላሊቱ ኪኒን በሽርጡ ኪስ ነበር። እሱ ሊውጠው አይችልም፤ የእሱ አይደለማ። እንዲሁ ይዞት ይዞራል። መጨረሻ ላይ ሌላ ብልሃት መጣለት፤ ከእሱ ብልሃት ይሰውራችሁ። አንድ ጠዋት ከሻይዋ አጠገብ አንዷን ፍሬ አስቀመጠላትና፣ “ቪታሚን ነው፣ ደክሞሻል፣ ዋጪው” አላት።

“ማሸጊያው የታለ?”

“ጠፋ።”

“ጋሼ፣ ሐኪም ያላዘዘልኝን አልውጥም” አለች፤ ፍሬዋን አንሥታ አየቻት። “ደግሞ ይሄ ቪታሚን አይደለም። ደንበኛዬ ለግፊቷ የምትውጠው ነው። አንተ ግፊት አለብህ እንዴ?” በዓይኗ ውስጥ የነበረው ለእሱ መጨነቅ ነበር። እሱ ፍሬዋን ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ መለሰና ሥራ ረፍዶብኛል ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ ራሱን በየስድቡ ዓይነት ሰደበ፤ ስድቡ ግን እሷን አያድናትም።

በዚያው ሳምንት ሥራ የሌለው ቀን ነበርና ኋላ ክፍል ሆኖ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ሲሄድ ቆየና ድንገት ቋ ብሎ ቆመ። ጩኸት የለም። ገብቶ ሲያይ ሜትር ላብ አጥምቋታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የመኪናው መርፌ በአመልካች ጣቷ አልፎ ጨርቁ ላይ ሰፍቷታል። እሷ ግን ጣቷን ሳይሆን አንድ የማይታይ ነገር ነው የምታየው። ስኳሯ ወርዷል። ምግብ ቀንሳ፣ ኪኒን ጨምራ፣ ምን ሊሆን ኖሯል? ጎማውን በእጁ ወደ ኋላ አዙሮ መርፌውን አወጣው፤ ጣቷን በጨርቅ ጠቀለለው፤ ስኳር በውሃ በጥብጦ በማንኪያ አጠጣት። አንዷን ማንኪያ ተቀብላ ሁለተኛውን ልትመልስ እጇን አነሣች፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ እንኳ “ይበቃኛል፣ ይጨምርብኛል” አለችው።

ያን ጊዜ ማንኪያውን አስቀመጠ። ዓይኗ እስኪጠራ ጠብቆ፣ መሬት ላይ እግሯ ሥር እንደተቀመጠ፣ ሁሉንም ነገራት። ፕላስተሩን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ክሬሙን። የሽንቱ ስኳር የእሱ እንደሆነ፣ ፕሮቲኑ ግን የእሷ እንደሆነ፣ በኪሱ ያለው ኪኒን ለእሷ የሚገባ እንደሆነ። ሲናገር ዓይኑን ከጨርቁ ላይ አላነሣም።

ጣቷ ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ አጠበቀች። ከዚያ፣ “እንደ አባባ?” አለች።

“ገና ነው። በቶሎ ከተያዘ…”

“በቶሎ” አለች። ቃሉን መልሳ ብቻ ነው ያለችው፤ እሱ ግን ጥፊ የመሰለ ነገር ተሰማው። ይቅር በይኝ ሊል አፉን ሲከፍት እጇን አነሣች፤ የተጠቀለለውን ጣቷን። “ለእኔ አይደለም። እኔ እዚህ ቤት ውስጥ አልተሰደብኩም። እዚያ ኮሪደር ላይ፣ ሰው ፊት ነው የተሰደብኩት። እዚያው ሄደህ፣ ሰው ፊት ትናገራለህ።”

በማግሥቱ ሄዱ። ወንበሩ እንደ ወትሮው ሞልቷል፤ ያ ሽማግሌም አለ። ኬክ ጋጋሪው ኮሪደሩ መሃል ቆመ።  ሲስተሯ “ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?” አለችው።

“ሲስተር፣ ባለፈው የእህቴ ሽንት ስኳር አለው ብለሽ ሰድበሻታል። ሽንቱ የእኔ ነው። ስሙን የቀየርኩት እኔ ነኝ። እሷ አልተራበችም፣ አላታለለችም። ያታለልኩት እኔ ነኝ።”

አንዱ ጀመረና ሁሉም ሳቀ። “ሽንት ሰረቀ” የሚል ድምፅም ከኋላ ተሰማ፤ ያ ስም እስከ ዛሬ ከእሱ አልወረደም። ሲስተሯ ብቻ አልሳቀችም። ከወንበሯ ተነሥታ ሜትር ጋ ሄደችና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ “ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ” አለቻት። ከዚያ ለሁለቱም አዲስ ብልቃጥ ሰጠች፤ የእያንዳንዳቸውን ራሷ ተቀብላ ወደ ላብራቶሪ ወሰደች።

ውጤቱን ዶክተሯ ለሁለቱም አንድ ላይ ነገረቻቸው። የእሱ ሽንት በስኳር ሞልቷል፤ ኩላሊቱ ግን ንጹሕ ነው። የእሷ ሽንት ስኳር የለበትም፤ ፕሮቲኑ ግን አለ። ዶክተሯ ሰውየውን የተቆጣችው ቁጣ ሲያንሰው ነው፤ ቀና ብሎም አላያት።

ሜትር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። “ዶክተር፣ እኔ ምን አጠፋሁ?”

“ምንም” አለች ዶክተሯ፤ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ከአባትሽ የወረስሽው ነው። ወንድምሽ ያንን አልወረሰም፣ ወይም ትንሽ ነው የወረሰው። ደግሞ ጥንቃቄሽ ከንቱ ነበር እንዳትዪ፤ ባትጠነቀቂ ዛሬ ይሄን ወንበር ሳይሆን አልጋ ነበር የምትይዢው። ኪኒኑን ዛሬ ትጀምሪያለሽ። ያ የተጨመረልሽ ይቀነሳል። ትበያለሽም።” ወደ እሱ ዞር ብላ፣ “የአንተም ንጹሕነት የዘላለም አይደለም፤ እንደዚህ ከቀጠልክ ዓይንህ ወይ እግርህ ይቀድማል” አለችው።

ከጤና ጣቢያው ወጥተው ጎን ለጎን ሄዱ። ሰውየው ኮሪደሩ ላይ ከተናገረ ይቀለኛል ብሎ ነበር፤ አልቀለለውም። ያልተናገረው አንድ ነገር ነበረና። ላለመናገርም ይችል ነበር፤ ማንም አላየበትም። መንገዱን አጋምሰው ሲደርሱ ግን ቆመ።

“እታለም፣ አንድ የቀረኝ አለ። ያን ቀን ዶክተሯ ኩላሊትህ ተነክቷል ስትለኝ፣ የእኔ እንዳልሆነ ሳውቅ… ደስ አለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ እሱ ነው።”

ሜትር አየችው። ቁጣ ቢሆን በተሸከመው ነበር።

“አይቼሃለሁ” አለችው። “እኔ እዚያ ቆሜ ስሰደብ አንተ በሩን ከፍተህ ስትወጣ ፊትህ በርቶ ነበር። ምርመራው ጥሩ ሆኖለት ነው አልኩ። እኔ ብወድቅም ቢያንስ እሱ ዳነልኝ ብዬ፣ እንባዬን እየጠረግኩ፣ ለአንተ ብዬ ደስ አለኝ።”